ልጅን ሶላት ስለ ማስተማር

በአዛኙና በሩኅሩኁ በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

ሙስሊም ወንድሜ ሆይ፣ ሙስሊም እኅቴ ሆይ! ልጅ በእጃችሁ የተቀመጠ የአላህ አማና ነው። ታማኝ ነጋዴ በአደራ የተቀበለውን ዕቃ ከራሱ ዕቃ አብልጦ ይጠብቃል። የልጅ ነፍስ ደግሞ ከዕቃ ሁሉ የከበረች አደራ ናትና ጥበቃዋ ምን ያህል ትጋት እንደሚሻ አስቡ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ 7 ዓመት ሲሞላው ሶላት እንዲታዘዝ አስተምረዋል። ስለ ቅጣት ያነሡት ግን 10 ዓመት ለሞላው ነው፤ ያም ቢሆን አካልን የሚጎዳ እንዳይሆን ሊቃውንት ከልክለዋል። በመካከል ያሉትን 3 ዓመታት እስቲ ቍጠሯቸው። በቀን 5 ሶላት አለ፤ የጨረቃው ዓመትም ከ350 ቀን ይበልጣል። እንግዲህ አባት ልጁን በለዘበ ቃል «ልጄ፣ ና አብረን እንስገድ» እያለ ከ5000 ጊዜ በላይ ይጠራው ዘንድ ዕድሜ ተሰጥቶታል። ይህን ሳይጠራ ዱላ የሚያነሣ ሰው የትእዛዙን መጀመሪያ ጥሎ መጨረሻውን ይዟል።

ነቢዩ የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ተሸክመው ይሰግዱ እንደ ነበር አትርሱ። ወደ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧት፣ ሲቆሙም ያነሷት ነበር። ያች ሕፃን ሶላትን ያወቀችው በአያቷ ትከሻ ላይ ሆና ነው።

ልጅ ግን ከጆሮው ይልቅ በዓይኑ ይማራል። ዐብደላህ ኢብን ዓሚር ሕፃን ሳለ እናቱ አንድ ነገር እሰጥሃለሁ ብላ ጠራችው። ነቢዩም ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር መሆኑን ስትነግራቸው፣ ባዶ እጇን ጠርታው ቢሆን ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባት እንደ ነበር አስረዷት።

አንተ ነጋዴ ሆይ! አበዳሪህ ደጅህን ሲያንኳኳ ልጅህን «አባቴ የለም በል» ብለህ ብትልከው፣ በዙህር ፋቲሓን ያስቀራው አንደበትህ አስር ሳይደርስ ሐሰትን አስተማረው። ሚዛን ስታጎድል ያየህ ልጅም ሶላትህ ከመስጊድ ደጃፍ እንደማያልፍ ይረዳል።

ስለዚህ ዛሬ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሱቅህን ዝጋ። የልጅህን እጅ ይዘህ ውዱእ አሳየው፤ ከጎንህም አቁመው። የተሳሳተ እንደ ሆነ በፈገግታ አርመው።

ጌታችን ሆይ! ወዳጅህ ኢብራሂም ለራሳቸውና ለዘራቸው እንደ ለመኑህ፣ እኛንም ልጆቻችንንም ሶላትን ከሚያዘወትሩት አድርገን። አሚን።