ሌላ መለዮ ለብሶ ስለመጣው

ልጄ፣

ለአሰልጣኝህ «እሱ ካለ እኔ የለሁም» ማለትህን ሰማሁ። እዚህ ካናዳ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ወሬ አይደበቅም። ግሪንውድ ጥግ የተባለው ነገር ቡናው ሁለተኛ ሳይቀዳ ኮክስዌል ይደርሳል። አዲሱ በረኛችሁ ሀገር ቤት ሳለ ወታደር ነበር አሉኝ፤ የተሰለፈውም ዘመዶችህን ከጎዳው ወገን ጋር ነው። የቱ ወገን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆንም የምልህ ያው ነውና። ሐዘንህን አልንቅም። አጎትህን አውቀው ነበር፤ ለቅሶውም ላይ ተቀምጫለሁ።

ሰውየው በረኛ ነውና የሌላ በረኛ ሕይወት ላጫውትህ። በርት ትራውትማን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1923 በጀርመኗ ብሬመን ተወለደ። ገና በልጅነቱ የናዚ ሕፃናት ማኅበር ውስጥ ገባ፤ በ17 ዓመቱ ማንም ሳያስገድደው ወዶ ዘመተ። ይህን ልብ በልልኝ። በእኛ ሀገር በብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ኳስ ሲጫወቱ ታፍሰው የሄዱ የሰፈር ልጆች ነበሩ፤ እሱ ግን ፈቅዶ የሄደ ነው። አየር ወለድ ሆኖ በምሥራቅ ግንባር ተዋጋ፤ የብረት መስቀል ኒሻንም ተሸለመ። ዩክሬን ውስጥ በአንድ ጫካ ሰላማዊ ሰዎች ሲረሸኑ ማየቱን በኋላ ራሱ ተናግሯል። በ1945 እንግሊዞች ማረኩት። መጀመሪያ የመደቡትም ክፉ ናዚ ከሚባሉት ምርኮኞች ጋር ነበር።

አሽተን ኢን ሜከርፊልድ በምትባል ከተማ አጠገብ በሚገኘው የምርኮኞች ካምፕ ኳስ ይጫወት ነበር፤ ያኔ በረኛ አልነበረም። አንድ ቀን ሲጎዳ ከበረኛው ጋር ቦታ ተቀያየረና በዚያው ቀረ። ምርኮኞች ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ እሱ እንግሊዝ መቅረትን መረጠ። መጀመሪያ ለሴንት ሄለንስ ታውን ተጫወተ፤ በ1949 ደግሞ ማንቸስተር ሲቲ አስፈረመው።

ያን ጊዜ ከተማው ታመሰ። ጦርነቱ ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ማንቸስተር በጀርመን ቦምብ ተደብድባለች፤ ልጁን ያልቀበረ ሰፈር የለም። እስከ 20,000 የሚገመት ሰው ተቃውሞ ወጣ። ዓመታዊ የመግቢያ ካርዳችንን እንመልሳለን ያሉ ደጋፊዎች ነበሩ። አንተ ያልከውን ያሉት እነሱ ናቸው፤ ቁስላቸውም እውነተኛ ቁስል ነበር።

ሁለት ሰዎች ግን ሌላ መንገድ ያዙ። አንደኛው አምበሉ ኤሪክ ዌስትዉድ ነው። ይህ ሰው ኖርማንዲ ላይ ከጀርመኖች ጋር የተዋጋ ወታደር ነበር። እሱ ራሱ እጁን ዘርግቶ አስገባው፤ በዚህ መልበሻ ክፍል ጦርነት የለም ብሎም ለሁሉም አስታወቀ። ሁለተኛው ዶክተር አሌክሳንደር አልትማን፣ የማንቸስተር አይሁዶች ረቢ፣ ናቸው። እኚህ ሰው በ1938 ከጀርመን ሸሽተው የመጡ ናቸው፤ ወላጆቻቸውን ናዚዎች ገድለውባቸዋል። ቂም ይያዝ ከተባለ ከእሳቸው የሚቀድም አልነበረም። እሳቸው ግን ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ፤ አንድን ሰው የወገኑን ሁሉ ኃጢአት አሸክሞ መቅጣት ተገቢ አይደለም፣ እያንዳንዱ በራሱ ሥራ ይመዘን ብለው። ከዚያ በኋላ ተቃውሞው ጋብ አለ። እኔ እዚህ ታሪክ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከበረኛው ይልቅ እኚህ ረቢ ናቸው።

የስድቡ ነገር በአንድ ቀን አላለቀም። በጃንዋሪ 1950 ትራውትማን ለንደን ላይ ከፉልሃም ጋር ሲጫወት ሕዝቡ ናዚ እያለ ሲጮህበት ዋለ። ሲቲ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ እሱ ግን ብዙ ኳስ አድኖ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች ግራና ቀኝ ተሰልፈው እያጨበጨቡ አሳለፉት።

በ1956 የእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ የሆነውን ሳትሰማ አትቀርም። ሲቲ በርሚንግሃምን እየመራ 17 ደቂቃ ያህል ሲቀር ትራውትማን የበርሚንግሃም አጥቂ እግር ሥር ተወርውሮ ኳሷን ያዘ፤ የአጥቂው ጉልበትም አንገቱን መታው። ያን ጊዜ ቅያሪ የሚባል ነገር አልነበረም። አንገቱን በእጁ ደግፎ፣ እየተንገዳገደ እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ 3 ለ 1 አሸነፉ። ከቀናት በኋላ ራጅ ሲነሳ አንገቱ መሰበሩ ታወቀ። ሲቃወመው የነበረው ያው ሕዝብ አከበረው። ለክለቡ 545 ጊዜ ተሰልፎ በ2013 በ89 ዓመቱ ሞተ።

ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው እንዳትለኝ። የእኛውን ስማ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ተመሠረተ። ወዲያው ጣሊያን ገባ፤ የቡድኑን ስም እንኳ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ብሎ ለወጠው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የፈሰሰውን ደም እኔ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። ሀገር ነፃ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ አዲስ አበባ ላይ አምስት ቡድኖች ውድድር ገጠሙ። የሐበሻው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ጦር ልዑክ ቡድን፤ አምስተኛው የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ ነበር። የጊዮርጊስ ልጆች ወንድምና አባት የቀበሩ ነበሩ። ከጣሊያን ጋር አንጫወትም ቢሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? ግን ተጫወቱ። የዛሬው የኢትዮጵያ ሊግ ሥሩ እዚያ ነው።

ደግሞ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አስብ። ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነው፤ ወንድሙ ኢታሎም ከጎል አግቢዎቹ አንዱ ነበር። ከአሥር ወር በኋላ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ አንድ ማልያ የለበሱት ልጆች ሀገር ለሠላሳ ዓመት ጦርነት ውስጥ ቆየ። ዛሬ ዳንፎርዝ ላይ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን ናቸው። እዚያ ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች መካከል በዚያ ጦርነት ናቅፋ ላይ ፊት ለፊት የተታኮሱ አይጠፉም። ለምን እንደሚስማሙ ጠይቃቸው፤ ከእኔ የተሻለ ይነግሩሃል።

አንድ ነገር ግን እንዳታምታታብኝ። መለዮ መልበስና ወንጀል መሥራት ይለያያሉ። በረኛችሁ ሰላማዊ ሰው ገድሎ፣ ሴት ደፍሮ፣ ዘርፎ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ ጉዳዩ የሕግ ነው፤ ካናዳም ለዚህ ሕግ አላት። ያንን በኳስ አንሸፍነውም፤ ይሸፈን ብሎ የሚመክርህ ካለ አትስማው። በወሬ ብቻ ፈርዶ ሰውን ከሜዳ ማባረር ግን ፍርድ አይባልም።

ይቅር በለው አላልኩህም። ይቅርታ በሽማግሌ ትእዛዝ አይመጣም፤ ጊዜውን ጠብቆ ከልብ ነው የሚመጣው። የምልህ ከዚያ ያነሰ ነው። ኳስ ሲያድን አጨብጭብለት፤ ሲስት አትስደበው። በአጎትህ ሞት ዙሪያ የምትጠይቀው ካለህ መልበሻ ክፍል ውስጥ በሰው ፊት አትጠይቀው፤ ለብቻው ቡና ጋብዘውና ጠይቀው፤ ሲመልስም አታቋርጠው። ምናልባት እሱም የቀበረው ወንድም ይኖረዋል። ስልክህ ላይ የሚመጣውን ፉከራ ለቡድኑ ልጆች አትላክ። እዚህ ሆኖ የሚፎክር ሰው ጥይቱ አይደርሰውም፤ የሚደርሰው እዚያ ያለውን የሰው ልጅ ነው።

ቅዳሜ ሞናርክ ፓርክ ልምምድ አላችሁ አሉኝ። ቀድመህ ሂድና ሰላም በለው።