የሕፃናት መምህርት ስትዝል



በብዙ ቁምስናዎቻችን ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ መዋዕለ ሕፃናት አለ። በዚያ የምታገለግለውን መምህርት ሁላችንም እናውቃታለን፤ ድካሟን ግን ስንቶቻችን አስተውለናል? የሚያለቅሰውን ታባብላለች፤ የተጣሉትን ታስታርቃለች፤ አፍንጫ ትጠርጋለች፤ ፊደል ታስቆጥራለች። ልቧ ቢያዝን እንኳ ፊቷ መፍካት አለበት፤ ሕፃን የመምህርቱን ፊት ያነባልና። ጐንበስ ቀና ስትል ውላ ወደ ቤቷ ስትመለስ ደግሞ የራሷ ልጆች ይጠብቋታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከተራዘመ የሥራ ጫና ስለሚመጣው መዛል ሲገልጽ፣ ሦስት ምልክቶችን አመልክቷል፦ የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና የሥራ ፍሬ መቀነስ ናቸው። ይህንንም በሽታ አላለውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ሁኔታ ነው አለው እንጂ። እንግዲህ መምህርቲቱ ስትዝል፣ ከእምነቷ ጽናት አስቀድሞ የሥራዋ ሁኔታ ሊመረመር ይገባል።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ «ታገሺ ልጄ፣ ጥሪሽ ነው» ብለን እናሰናብታታለን። እግዚአብሔር ለነቢዩ ኤልያስ ያደረገውን እናስተውል (1 ነገ. 19)። ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ከክትክታ ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት እንጂ። በልቶ ጠጥቶ እንደገና ተኛ፤ መልአኩም ዳግመኛ መገበው። ወደ ኮሬብ የ40 ቀን መንገድ የተጓዘው ከዚህ በኋላ ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛም እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ለሠራተኛ ፍትሐዊ ደመወዝና ዕረፍት እንደሚገባው አስተምረዋል። ይህ ትምህርት ለፋብሪካ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያንንም ግቢ ይመለከታል። ጥሪ የደመወዝ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ የቁምስና ምክር ቤቶቻችን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ደመወዟ በወቅቱ ይከፈላልን? በክፍሏ ስንት ሕፃናት አሉ? ረዳት አላትን? በቀኑ መካከል ቁጭ ብላ ሻይ የምትጠጣበት ጊዜ ታገኛለችን? ወላጆችም ልጃቸው ጉልበቱ ተልጦ ቢያገኙት፣ ከመቆጣታቸው በፊት በትሕትና ይጠይቋት፤ ማታ ልጃቸውን ሲወስዱም «እግዚአብሔር ይስጥልን» ማለትን አይርሱ።

እንጎቻውን ሳናቀርብላት መንገዱን ብቻ አናሳያት። ደካሞችን የሚያበረታ አምላክ ለእርሷ ዕረፍትን፣ ለእኛም አስተዋይ ልብን ይስጠን። አሜን።