ፈተና ላይ የማይመጣ ጥያቄ

ለመሆኑ አስተማሪ ባለዕዳነቱ ለማን ነው? ለሚያልፈው ተማሪ ነው ወይስ ለማያልፈው? «ለሁለቱም ነው» ብሎ መገላገል ይቻላል። ግን አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ገደማ ናት፤ ለአንዱ የተሰጠች ደቂቃ ከሌላው የተቀነሰች ናት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን አጠገቤ የሚቀመጥ የቡና ገበሬ ልጅ ነበር። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ሲያስረዱ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ተክል ሁሉ ብርሃን የሚፈልግ ከሆነ የአባቴ ቡና ለምን ጥላ ይወዳል?» አላቸው። ሰዓታቸውን አዩ። «ጥሩ ጥያቄ ነው የኔ ልጅ፤ ግን ፈተና ላይ አይመጣም» አሉና ወርክሺቱን ማደል ጀመሩ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ።

ሰውየው ሰነፍ አልነበሩም፣ ክፉም አልነበሩም። የሚያባርራቸው ነገር ነበር። ከየካቲት ጀምሮ የስፖርት ክፍለ ጊዜያችን ለሒሳብ ወርክሺት ተሰጠ፤ ኮምፒዩተሩም ቀረ፣ አይፈተንማ! ከዚያ የትምህርት ቤቱ ሞዴል ፈተና፣ ከዚያ የወረዳው፣ ከዚያ የዞኑ መጣ። እያንዳንዱ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መልስ ለማረም ደግሞ ሌላ አንድ ሁለት ቀን። ሚያዝያ ከገባ በኋላ አዲስ ነገር የተማርንበት ቀን ትዝ አይለኝም። የተማርነው አጠቋቆር ነው። «ካላወቃችሁት ሲን አጥቁሩ፤ ባዶ እንዳትተዉ» ይባላል። ላቦራቶሪው በዓመቱ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል፣ አንዱን ጊዜ ወንበር ለማውጣት።

አሁን አንዱ ተነስቶ፣ «ታዲያ ፈተናው ይቅር ነው የምትለው?» ይለኝ ይሆናል። አልልም። ዘመድ የሌለው ሰው ዘመዱ ፈተናው ነው። የሚኒስትሩም ልጅ የእረኛውም ልጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ፊት ይቀመጣሉ። (ወረቀቱ ቀድሞ ካልወጣ ማለቴ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ወጥቶ ፈተናው የተሰረዘውን የምናስታውስ አለን።) አስተማሪያችን ለቡናው ጥያቄ ሃያ ደቂቃ ሰጥተው ቢሆን ኖሮ፣ ከእኛ መሐል አንዱ በአንድ ጥያቄ ወድቆ እስከ ዛሬ ይረግማቸው ይሆናል። የባለሀብቱ ልጅ እቤቱ አስጠኚ አለው፤ የድሃው ልጅ ያለችው ያቺው አርባ ደቂቃ ናት። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ሳምንበት ቆይቻለሁ።

ያናጋብኝ ቁጥሩ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። እስቲ ስድሳ ተማሪ ያለበትን ክፍል አስቡት፤ ሁለት ልጅ ያልፋል፣ ሦስት ቢበዛ። ጥቂቶች በሪሜዲያል ይገባሉ። ያ ሁሉ ሞዴል፣ ያ ሁሉ ወርክሺት፣ የተዘለለው ምዕራፍ ሁሉ በስድሳው ስም የተደረገ ነው፤ ውጤቱ ግን የሁለቱ ነው። የቀሩት ልጆች በሩንም አላገኙት፣ ትምህርቱንም አላገኙት። ፈተናውን መውደቃቸው የእነሱ ጥፋት ነው እንበል። ሳይማሩ መቅረታቸውስ? ያንን ዓመት ማን ይመልስላቸው? «ለድሃው ልጅ ስንል ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይሰበራል፤ የተወሰደባቸው አብዛኞቹ ድሆች እነሱው ናቸውና።

ደግሞ ፈተና ሁሉ ጊዜ በላተኛ አይደለም። ቅኔ ቤት የተማሩ ሰዎችን ጠይቁ። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩ የተጣመመውን ያቀናለታል፤ የሌላ ሰው ሸምድዶ ቢያመጣ አይቆጠርለትም። በየቀኑ ይፈተናል ማለት ነው፣ ግን ፈተናው ራሱ ትምህርት ነው። (አርጩሜውን አልናፍቅም፣ ውሻውንም።) የእኛ ወረቀት ግን ጠቁሮ ይሄዳል፣ ቁጥር ሆኖ ይመለሳል። የቱን ጥያቄ እንደሳትሁ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ የሚነግረኝም የለም።

ጓደኞቼ፣ ይህችን ጽሑፍ የምናነብ አብዛኞቻችን ያለፍነው ነን። ለዚህም ነው ነገሩ የማይሰማን። አጠገባችን የተቀመጡት ልጆች ጊዜያቸውን አዋጡልን፤ እኛ ደግሞ በራሳችን ጉብዝና የገባን መስሎን ቁጭ ብለናል። እዚህም ገብተን ሌክቸር ላይ እጃችንን የምናወጣው ለምንድን ነው? «ይሄ ሚድ ላይ ይመጣል ወይ?» ለማለት ነው። እኔ ራሴ ባለፈው ሳምንት ጠይቄአለሁ።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስሄድ ያንን ልጅ አገኘሁት። አላለፈም፤ ከአባቱ ጋር ቡናው ላይ ነው። እናቱ ሦስተኛውን ስኒ እስኪቀዱልን ድረስ ስለ ሰፈሩ ልጆች አወራን። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ጓሮው፣ ወደ ግራሩና ከሥሩ ወዳለው ቡና እያየ፣ «እሺ፣ ዩኒቨርሲቲ ነገሩህ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ለምን ጥላ እንደሚወድ ነዋ።»

ሁለት ዓመት ተምሬአለሁ። «ገና እዚያ አልደረስንም» አልኩት።