በሌሊት የሚሽቀዳደም ሰው ለባልንጀራው ይመለሳልን?

ሰው ከባልንጀራው ለመቅደም መትጋቱ ኃጢአት ነውን? ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በፊተኛው መልእክቱ፥ በምዕራፍ 9፥ የክርስቲያንን ኑሮ በሩጫ መስሎ ስለ ተናገረ መሽቀዳደም በራሱ የተነቀፈ አይደለም። ነገር ግን ተሽቀዳዳሚው በጉዞው ላይ በጭንቅ ያለ ሰው ቢያገኝ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ይህን ለመመርመር አንድ እውነተኛ ታሪክ እንመልከት።

የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ሰው የሚያውቀው ሐይቅ፥ ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የሚፈሱበት ጣና ነው። በደንገል ታንኳ ወደ ገዳማቱ የተሻገረ ሁሉ ነፋስ ሲነሣ ውሃው እንዴት እንደሚያስፈራ ያውቃል። በአሜሪካ አገር ደግሞ ከጣና እጅግ የሚሰፋ ሚሺጋን የሚባል ሐይቅ አለ። በዚያ የሸራ ጀልባዎች ከቺካጎ ከተማ እስከ ማኪናክ ደሴት 536 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ሌሊቱንም ሳያርፉ ይሽቀዳደማሉ፤ ይህም ውድድር የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው።

ሐምሌ 10 ቀን 2003 ዓ.ም.፥ ለ11 አጥቢያ፥ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ ስምንት ሰዎች የነበሩባትን አንዲት ጀልባ ገለበጠ። ሁለቱ ሞቱ። ስድስቱ ግን ዳኑ፤ ይኸውም ሶሺያብል በምትባል በሌላ ተሽቀዳዳሚ ጀልባ የነበሩ ሰዎች በነፋሱ መካከል የፊሽካ ድምፅ ሰምተው፥ ጉዞአቸውን አቋርጠው ስለ ተመለሱ ነው።

ምናልባት፦ «በማዕበል ጊዜ ሁሉም የራሱን ጀልባ ይጠብቅ» የሚል ይኖራል። በዚህ ቃል ውስጥ እውነት አለበት፤ የራሱን ጀልባ ያሰጠመ ሰው ማንንም አያድንምና። ነገር ግን ጥንቃቄ ሌላ፥ ቸልታ ሌላ ነው። ጥንቃቄ «እንዴት ልድረስለት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቸልታ ግን «አልሰማሁም» ይላል። የፊሽካ ድምፅ ትንሽ ነው፤ ልቡ በሽልማት የተያዘ ሰው አይሰማውም።

የእኛም አገር የሌሊት እሽቅድድም አለው። በቤተ ልሔም ድጓ፥ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት የሚማር ተማሪ ሌሊቱን በዜማ ይተጋል፤ ከጓደኛው ሊቀድምም ይወዳል። ሆኖም የአብነት ትምህርት ቤት ልማድ የቀደመው ተማሪ ወደ ኋላ ተመልሶ ጀማሪውን እንዲያስቀጽል ነው። ስለዚህ መቅደሙ ለኋለኛው የሚከፍለው ዕዳ ሆነበት እንጂ የሚመካበት ክብር አልሆነለትም።

እንግዲህ በጾም፥ በዕውቀት ወይም በክህነት ቀድመናል የምንል ሁሉ፥ ከኋላችን ማን እንደሚጣራ እናዳምጥ። ስንቱ ምእመን በኀዘንና በችግር ማዕበል ውስጥ ሆኖ በትንሽ ድምፅ ይጣራል! ጌታችን በአራተኛው ክፍለ ሌሊት በባሕር ላይ እየሄደ የመጣው በማዕበል ወደ ተጨነቁት ደቀ መዛሙርቱ ነው እንጂ ፈጥኖ የቀዘፈውን ሊሸልም አይደለም። የእርሱ ተከታይ የሆነም የሚመረመረው በመቅደሙ ሳይሆን በመመለሱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።