ሰማይ ይከራያልን? — ስለ መስተዋት ጣሪያና ስለ ሰሜን ብርሃን

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በሰሜን አውሮፓ ጫፍ፥ በፊንላንድ፥ በስዊድንና በኖርዌይ ሰሜናዊ ክፍል፥ ጣሪያቸው ከመስተዋት የተሠራ ትናንሽ የእንግዳ ማደሪያዎች አሉ። እንግዳው በሞቀ አልጋ ላይ ተጋድሞ፥ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፥ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚወዛወዘውን የሰሜን ብርሃን እንዲያይ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ዋጋቸው ግን በብርዱ ወራት ለአንድ ሌሊት ብዙ መቶ ዩሮ ይደርሳል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሌሊት ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ይገባልን?

ነገሩ በስቶክሆልም በምንኖር ወጣቶች መካከል የተነሣው፥ ገንዘብ አዋጥተን በአንድነት ወደ ሰሜን እንሂድ የሚል ሐሳብ በቀረበ ጊዜ ነው። ውይይቱ ወዲያው በሁለት ወገን ተከፈለ። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሌሊት ተረኛ ሆና የምትሠራ አንዲት እህታችን፥ «ሌሊቱን ሁሉ የምነቃው ለሰው ደወል ነው፤ አንድ ሌሊት እንኳ ጋደም ብዬ ሰማይ ልይበት» አለች። አንድ ወንድማችን ደግሞ፥ «ለአንድ ሌሊት አልጋ የምንከፍለው ገንዘብ አገር ቤት ላለችው እናቴ የስንት ወር የቤት ኪራይ ነው? ይህን እያሰብኩ ሰማይ ማየት ይሆንልኛል?» ሲል መለሰ። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። ጉዳዩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው። ክፉን ከደግ መለየት አይከብድም፤ ከሁለት ደጎች አንዱን መምረጥ ግን ይከብዳል።

በአንድ ነገር ዋጋ ላይ ከመፍረድ በፊት ነገሩን ራሱን ማወቅ ይገባል። የሰሜን ብርሃን ምንጩ ፀሐይ ናት። ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚወጡ፥ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ፤ ሊቃውንቱ ይህን ፍሰት «የፀሐይ ነፋስ» ይሉታል። ነፋሱ ወደ ምድር ሲደርስ የምድር መግነጢሳዊ ኃይል እንደ አጥር ሆኖ አብዛኛውን ወደ ጎን ያሳልፈዋል። በዚህ ግፊያ ኃይል ያገኙ ቅንጣቶች ግን የመግነጢሱን መስመር ተከትለው በሁለቱ ዋልታዎች ዙሪያ ወደ አየሩ ይወርዳሉ። በዚያም ከኦክሲጅንና ከናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ አየሩ ያበራል። ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ያህልና ከዚያም በላይ በሆነ ከፍታ ኦክሲጅን አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ቀይ ይሆናል፤ ናይትሮጅንም ሰማያዊና ሐምራዊ ይጨምርበታል። ኖርዌያዊው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ቢርከላንድ ይህን ለመመርመር በ1899 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኖርዌይ በሃልዴ ተራራ ላይ የመመልከቻ ጣቢያ አሠራ። በቤተ ሙከራውም በመግነጢሳዊ ሉል ላይ ኤሌክትሮኖች እየላከ በዋልታዎቹ ዙሪያ ብርሃን ሲፈጠር አሳየ። በ1917 ሲሞት ብዙዎች ሐሳቡን ገና አልተቀበሉትም ነበር፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ሳተላይቶች መሰከሩለት።

በአገራችን ይህ ብርሃን የማይታየው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ትገኛለች፤ ከዋልታዎቹ እጅግ የራቀች ናት። ከ1957 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን በአዲስ አበባ የመግነጢስ መመልከቻ የተቋቋመውም ስፍራው ለዚህ ጥናት የተመቸ ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ለእኛ የሰሜን ብርሃን ከአያት ከቅድመ አያት ሲወራ ያልሰማነው ነገር ነው፤ ለማየት መጓጓታችንም አያስነቅፍም። በአንጻሩ እንደ ኪሩና፥ አቢስኮ፥ ትሮምሶና ኢቫሎ ያሉት ስፍራዎች ብርሃኑ ዘወትር በሚያርፍበት ቀለበት ሥር ይገኛሉ። ከዚህ ዕውቀት ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፥ ብርሃኑን የሚያዝዘው ሰው የለም። ፀሐይ ካላከችው አይበረታም፤ ቢበረታም ደመና ይጋርደዋል፤ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ደግሞ በዚያ አገር ሌሊቱ ስለማይጨልም ከቶ አይታይም። ስለዚህ ባለ ሆቴሉ የሚሸጠው አልጋውን፥ ሙቀቱንና መስተዋቱን ነው እንጂ ብርሃኑን አይደለም። መስተዋቱ በረዶ እንዳይጋገርበትና በእንፋሎት እንዳይሸፈን በኤሌክትሪክ እንዲሞቅ ተደርጎ ይሠራል። ብርሃኑ በታየ ጊዜ እንግዳውን በደወል የሚቀሰቅሱ ማደሪያዎችም አሉ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ነገር ግን ደመናን የሚገልጥ ደወል የለም።

ሁለተኛ፥ ከመስተዋቱ ይልቅ የሌሊቶቹ ቁጥር ይበልጣል። ለምሳሌ ያህል ከሌሊቶቹ እኩሌታው ደመናማ ነው እንበል፤ የዛሬው ሌሊት ደመናም ከነገው ጋር አይያያዝ እንበል። አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድር ሰው ጥርት ያለ ሰማይ የማግኘት ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። ሦስት ሌሊት ለሚያድር ሰው ግን ሦስቱም በደመና የሚያልፉበት ዕድል ከስምንት አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ ለአንድ ሌሊት የመስተዋት አልጋ የሚከፈለው ገንዘብ በተራ ማደሪያ ሦስት ሌሊት የሚያሳድር ከሆነ፥ ብርሃኑን ማየት ብቻ ለሚሻ ሰው ሒሳቡ ግልጽ ነው። ስፍራና ወቅት መምረጥም ይረዳል። የስዊድኗ አቢስኮ በምዕራብ በኩል ያሉት ተራሮች ደመናውን ስለሚያስቀሩላት ሰማይዋ ከአካባቢው ይልቅ ብዙ ጊዜ ጥርት ይላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደመና ይበዛባቸዋል፤ የካቲትና መጋቢት ይሻላሉ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ደግሞ የሰማዩ መግነጢሳዊ ሁከት በረታ ይላል።

ሦስተኛ፥ ዓይን እንደ ካሜራ አይደለም። ካሜራ ለብዙ ሴኮንድ ተከፍቶ ብርሃን ያጠራቅማል፤ የእኛ ዓይን ግን በጨለማ ውስጥ ቀለም የመለየት ኃይሉ ይደክማል። በማስታወቂያ ላይ እንደ አረንጓዴ መጋረጃ ተዘርግቶ የሚታየው ብርሃን፥ ደከም ያለ እንደ ሆነ፥ በዓይን ሲያዩት ነጣ ያለ ስስ ደመና ይመስላል። ሲበረታ ግን ቀለሙ ለዓይንም ይታያል። በመስተዋት በኩል ሲያዩት ደግሞ የክፍሉ መብራት ይንጸባረቅበታል፤ የጎረቤት ማደሪያዎች መብራትም ጨለማውን ይቀንሰዋል። ፎቶግራፉን በልቡ ይዞ የሄደ ሰው፥ ፎቶግራፉን ሲፈልግ ከፊቱ ያለውን ሳያይ ሊቀር ይችላል።

«ዘንድሮ ካላያችሁ አታዩም» እያሉ ሰውን የሚያቻኩሉም አሉ። እርግጥ ነው፥ ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ እየበረታችና እየደከመች ትሄዳለች። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ያልታየ ብርቱ ማዕበል ሆኖ ብርሃኑ እስከ ደቡብ አውሮፓ ድረስ ታይቷል፤ በዚያው ዓመት በጥቅምትም ፀሐይ ከብርታቷ ጫፍ ዘመን መድረሷ ተገልጿል። ነገር ግን ከጫፉ በኋላም ለዓመታት ብርቱ ማዕበሎች መምጣታቸው የተለመደ ነው። በቀለበቱ ሥር ባሉት ስፍራዎችማ ፀሐይ በደከመችባቸው ዓመታትም ብርሃኑ ይታያል። ስለዚህ መቻኰል የሚጠቅመው ሻጩን ነው።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ ሌላ ክርክር አመጡ። «ድንቅ ነገር በድካም እንጂ በምቾት አይታይም፤ ተጋድሞ ሰማይ ማየት ስንፍና ነው» አሉ። በበኩላችን ይህን አንቀበልም። በገጠር ያደጉ አባቶቻችን በመኸር ጊዜ አውድማ ሲጠብቁ ከክምሩ አጠገብ ተኝተው ከዋክብትን ያዩ ነበር። ይሁን እንጂ ውርጩ ሲበረታባቸው ጣሪያ ሳይመኙ አልቀሩም። ሰው ከጥንት ጀምሮ ጣሪያንም ይወድዳል፥ ሰማይንም ይወድዳል። ሁለቱን በአንድነት ለማግኘት ሲል መስተዋት መሥራቱ ነውር የለበትም። ብርድ በራሱ ጽድቅ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ለሰው ስትሮጥ የኖረች ሴት አንድ ሌሊት በሙቀት ማረፏን ስንፍና የሚል ሰው ድካሟን አላየም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምራለን። የዚያ ምድር ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች ልጆቻቸውን፥ ብርሃኑ በሰማይ ሳለ ዝም በሉ፥ አታፏጩ፥ አትዘብቱበት እያሉ ያሳድጉ ነበር። ፊንላንዳውያንም «የቀበሮ እሳት» ብለው ይጠሩታል፤ ቀበሮ በጅራቷ በረዶውን ስትጠርግ የሚረጨው ብልጭታ ነው የሚል ተረት ስላላቸው ነው። ዛሬ ምክንያቱ የፀሐይ ነፋስ መሆኑን ብናውቅም፥ ከሳሚዎቹ ልማድ የምንማረው አለ። ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ብርሃኑ የእርሱ አለመሆኑን ያውቃል። ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው ግን «ምነው ሳይመጣ ቀረ?» ብሎ መቈጣት ይቃጣዋል፤ ደመናውንም እንደ ባለዕዳ ይመለከተዋል። ገንዘብ በዚህ ጉዳይ የሚያመጣው አደጋ ይህ ነው፤ በነጻ የሚመጣውን ነገር የሚገባን ዕዳ ያስመስልብናል።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት መመዘኛው ይኸውና። ለመስተዋት ጣሪያ ከመክፈሉ በፊት እያንዳንዱ ሰው ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «ሌሊቱን ሙሉ ደመና ቢሆን፥ በራሴ ላይ በረዶ ሲወርድ እያየሁ ቢነጋ፥ የከፈልኩት ይቆጨኛልን?» አይቆጨኝም የሚል ሰው የሚገዛውን ያውቃል። ዕረፍትን፥ ጸጥታን፥ ከሚወድደው ሰው ጋር ማደርን ነው የገዛው፤ ብርሃኑ ቢመጣለት ምርቃት ይሆንለታል። ይቆጨኛል የሚል ሰው ግን የማይሸጥ ነገር ሊገዛ ነውና ገንዘቡን ይያዝ። ሞቅ ያለ ልብስና ተጨማሪ ሁለት ሌሊት ይሻሉታል።

በዚህ መመዘኛ ስናየው መልሱ ለሁሉም አንድ አይሆንም። ከአገር ቤት ልጆቿን ለማየት የመጣች፥ ጉልበቷን የሚያማት እናት ብትኖር፥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ብርድ ውስጥ በሌሊት አቁሞ ሰማይ ማሳየት ጭካኔ ነው። ለእርሷ የመስተዋቱ ጣሪያ ቅንጦት አይባልም፤ ልጆቿ አቅሙ ካላቸው ያድርጉላት። ታላቁን ትንሹን አቅፋ ተጋድማ የምታሳልፈው ሌሊት፥ ሰማዩ ቢጨልምም፥ ከንቱ አይሆንም። እግር ያለን፥ ጉንፋን የማያስፈራን ወጣቶች ግን ከደጅ ብንቆም ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር እናያለን።

የወንድማችን ጥያቄ ግን በዚህ ብቻ አይመለስም። ለእናቱ የተቈረጠው ገንዘብ በእጁ ቢሆንም የእርሱ አይደለም፤ የተቀበለው አደራ ነው። ከአደራ ላይ ለብርሃንም ቢሆን አይቈረስም። በሌላ በኩል ደግሞ ማንኛውንም ወጪ በዚህ ከለካነው፥ በስደት የሚኖር ሰው ሳቅና ዕረፍት የተከለከለ ይሆናል። ለቤተሰቧ ልካ፥ ኪራይዋን ከፍላ የተረፋትን የምታወጣ እህት የማንንም አልነካችም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ዋጋው በዛ ወይስ አነሰ ብቻ ሳይሆን፥ ገንዘቡ የማን ነው የሚለውም ነው። አንድ ማኅበር ደግሞ ሌላ ግዴታ አለበት። ከመካከላችን አንዱ ከእናቱ ቀንሶ ወይም ተበድሮ ካልሆነ በቀር የማይሳተፍበት ጉዞ የሁላችን ጉዞ ሊባል አይችልም። እርሱ አፍሮ ሲቀር እኛ ከመስተዋት ሥር ብንተኛ፥ የምናየው ብርሃን በልባችን ላይ ይከብዳል።

በዚህ መሠረት የተስማማንበት የሚከተለው ነው። በመጪው መጋቢት ከስቶክሆልም በሌሊቱ ባቡር ተሳፍረን ወደ አቢስኮ እንሄዳለን። በተራ ማደሪያ፥ በደራርብ አልጋ፥ ሦስት ሌሊት እናድራለን። ስንቃችንን ይዘን እንሄዳለን፤ መዋጮውም እንደየአቅማችን ይሆናል፤ ማን ስንት እንዳዋጣ ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አያውቅም። የሌሊት ተረኛዋ እህታችንም ተስማማች፤ ነገር ግን ከመስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ የእርሷ እንዲሆን፥ ብርሃኑ በሰፊው ካልተዘረጋ በቀር ማንም እንዳይቀሰቅሳት ጠየቀች። ሁላችንም ያለ ክርክር ፈቀድንላት።

ወንድሞችና እህቶች፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ? በሚቀጥለው ስብሰባ እንድንወያይባቸው ሁለት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። 1ኛ/ ሰው ያልሠራውን ነገር ለማየት ሲከፍል በእርግጥ የሚከፍለው ለምን ነው? 2ኛ/ ከሚያግዘው ቤተሰብና ከራሱ ዕረፍት መካከል አንድ ወጣት ድንበሩን የት ላይ ያድርግ? ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ብትሰጡን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።