ለጉዞ የታሰረ ፌሮ

የመብራት ማከፋፈያ ወይም የቴሌ ባትሪ የሚቀመጥበትን ተገጣጣሚ የአርማታ ክፍል መንገደኛው ልብ አይለውም። መስኮት የለው፣ ጌጥ የለው። ግድግዳዎቹ ፋብሪካ ውስጥ ተሞልተው ከተገጣጠሙ በኋላ፣ በሎቤድ ተጭኖ፣ በክሬን ወርዶ መሠረቱ ላይ ያርፋል። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3 ሜትር ቢሆን፣ ግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፣ ክብደቱ 15 ቶን ገደማ ይደርሳል።

እኔን የሚያስገርመኝ ውስጡ የታሰረው ፌሮ ነው። የቆመ ግድግዳ ከራሱ ክብደት፣ ከጣሪያውና ከነፋስ ሌላ ብዙ ሸክም የለበትም። የሚጨነቀው ተጋድሞ በተሞላ በማግስቱ፣ ክሬኑ ጫፉን ይዞ ሲያቃናው ነው። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው፤ ፋብሪካው ግን ያን ያህል አይታገሥም፣ ካሳፎርማው ለሌላ ይፈለጋል። ስለዚህ ግድግዳው ገና ለጋ ሳለ ይነሣል፤ ከካሳፎርማው የተጣበቀው ገጽ ወደ ታች ይስበዋል፣ ወገቡ ይጎብጣል። በማንሻ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚጨመረው ብረት ለዚያች ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን ሥራ ፈቶ ይቀበራል። ይህን ብረት በትርፍነት የሚቆጥሩ አሉ። ሲነሣ የተሰነጠቀው ግን ጉዱ የሚታየው ከተገጠመ በኋላ፣ ክረምት ገብቶ ውሃ ፌሮውን ሲያዝገው ነው።

አዲስ አበባ፣ አቃቂ ያለው ገላን ኮንዶሚኒየም እንዲህ ካለ ክፍል አልተሠራም። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ ተሞክሮ በከተማዋ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም አሠራር ተገጣጣሚ ቢም ነበረው፦ ከታች ቀጭን አርማታ፣ ከላዩ የወጣ የፌሮ ጥልፍልፍ። ቢሞቹ ይደረደራሉ፣ በመሃላቸው ባዶ ሆድ ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ አርማታ ይፈስሳል። የቀጠነውም ያለ ክሬን በሰው እጅ እንዲነሣ ታስቦ ነው። ላዩ ላይ የፈሰሰው አርማታ እስኪጠና ድረስ ብቻውን ስለማይችል በድጋፍ ይያዛል። እዚህም የተሰላው መኖሩ ብቻ ሳይሆን መነሣቱም ነው።

ሰው ላይ ስንደርስ ስሌቱ ይጎድላል። የቅድሚያ ክፍያው፣ የባንክ ብድሩ፣ ካሬ ሜትሩ ተሰልቷል፤ ዕጣም ወጥቷል። መሃል ከተማ የኖረ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወደ አቃቂ ሲወርድ፣ ልጁ በትምህርት መሃል ጓደኛ ሲያጣ፣ ቡና የሚያጣጡ ጎረቤቶች በየብሎኩ ሲበተኑ የሚይዘው ድጋፍ በየትኛው ፕላን ላይ ነበር? እንደ አርማታው ሁሉ ስንጥቁ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ያኔም የምንወቅሰው አዲሱን ሰፈር ነው።

አንዳንዶች ድጋፉን ራሳቸው አበጅተዋል። በአዲሱ ሰፈር ዕድር ገብተውም የቀድሞውን አልተዉም፤ ወር በደረሰ ቁጥር ሁለቱንም ይከፍላሉ። ልጆቻቸው ይህን ወጪ ትርፍ ይሉታል። እኔ ግን ልጆቹን ለመደገፍ አልቸኩልም።