ሙያ በልብ

ባለፈው ወር ለሽምግልና ተጠራሁ። የተጣሉት ባልና ሚስት አይደሉም፤ ድንበር የተጋፉ ጎረቤታሞችም አይደሉም። አንዱ ጀሞ አካባቢ የቤት ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። ሌላው ለቡ አጥር የምንጋራ፣ ተማሪ ሳለ ድርሰቱን አርምለት የነበረ ወጣት ነው። የጠቡ መነሻ አንድ የይለፍ ቃል ነው። ክፍለ ከተማችን ስሙን ያገኘው አባቶቻችን «የንፋስ ስልክ» ካሉት ሽቦ አልባ መገናኛ ነውና በመገናኛ ምክንያት መጣላት ለሰፈሩ እንግዳ ነገር ላይሆን ይችላል።

ጠቡን ለመረዳት ልጁ ምን እንደተማረ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ መስኮቱ ላይ መብራት የማይጠፋው የድርጅት ኔትወርክ ማዋቀር ሲማር ነበር። መጀመሪያ ፓኬት ትሬሰር በሚባል፣ ዕቃውን ኮምፒዩተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም ተለማመደ። በኋላ ያገለገለ ስዊች ገዝቶ አልጋው ሥር አስቀመጠ። ስዊቹ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ እናቱ በዚህ ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን እኔን፣ የዘመኑን ነገር ከሩቁ የምሸሸውን ሰውዬ፣ አስቀምጦ አስረዳኝ። «ጋሼ፣ ስዊች ማለት የግቢውን ተከራዮች ሁሉ የሚያውቅ ዘበኛ ነው፤ የመጣውን መልእክት በየበራቸው ያደርሳል። ራውተር ደግሞ ከግቢ ወደ ግቢ የሚወስደውን መንገድ ያውቃል።» ቪላን በሚሉት ዘዴ አንዱን ስዊች እንደ ክፍል ከፋፍሎ፣ የእንግዳው ስልክ ወደ ሒሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተር እንዳይዘልቅ ማድረግ እንደሚቻልም አሳየኝ።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። መሣሪያው ላይ የጻፉት ትእዛዝ ወዲያው ይሠራል፤ ነገር ግን «ራኒንግ ኮንፊግ» ከሚሉት ወደ «ስታርትአፕ ኮንፊግ» ካልገለበጡት መብራት የሄደ ዕለት ሁሉም ይጠፋል። (ስንቱ ተማሪዬ የሸመደደውን ሳይገለብጥ ተመረቀ!)

ወደ ጠቡ ልመለስ። ልጁ የነጋዴውን ሱቅ፣ መጋዘንና ቢሮ በሦስት ቀን አገናኘለት። ነጋዴው «ገመድ መሰካት አይደል እንዴ?» ብሎ ከተስማሙበት ቀንሶ ከፈለው። ልጁም ምንም ሳይል ሄደ። ኔትወርኩ አንድ ቀን እንኳ አልተቋረጠም። ከስድስት ወር በኋላ ነጋዴው ሁለተኛ ሱቅ ከፍቶ ሌላ ባለሙያ ሲያመጣ ግን ባለሙያው መሣሪያው ተቆልፎ ጠበቀው።

እንዲህ ባለው ራውተር ላይ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው መግቢያ አያጣም። ኮንሶል ኬብሉን ይሰካል፣ መሣሪያው ሲነሳ ያቋርጠዋል፣ መጨረሻው 2142 የሆነ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ራውተሩም የይለፍ ቃሉ ያለበትን መዝገብ ሳያነብ ይነሳል። የፋብሪካው ሰዎች ዕቃውን በእጁ የያዘ ባለቤቱ ነው ብለው አምነዋል ማለት ነው። ይህን መግቢያ መዝጋትም ይቻላል። ያኔ ሰብሮ የገባ ሰው ባዶ ቤት ያገኛል፤ የተዋቀረው ሁሉ ይሰረዛል። ልጃችን ዘግቶት ነበር።

«ለምን?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሙያ በልብ ነው ይባል የለ?»

ይባላል። አባባሉ ሠርተህ አትጎርር ለማለት ነው፤ እኛ ግን የምናውቀውን ለመደበቅም እንጠቀምበታለን። መድኃኒት አዋቂው ከተነገረ ይረክሳል ብሎ የሥሩን ስም እስከ ሞት አልጋው ይይዛል። ስንቱ ፈዋሽ ሥር ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ! በዚያው አገር ደግሞ የቅኔ መምህሩ ያላቸውን ሁሉ ለቆሎ ተማሪ በነፃ ያፈሳሉ፤ ደቀ መዝሙሩ ሲበልጣቸውም ይኮራሉ። አንዱ ስስታም ሌላው ቸር ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። መምህሩን ደብሩና ምእመኑ ይደግፏቸዋል፤ መድኃኒት አዋቂው ግን ምስጢሩ የወጣ ዕለት እንጀራው ይወጣል። የሚያውቀውን የሚደብቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የፈራ ሰው ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የኔትወርክ መሐንዲስ ቴሪ ቻይልድስ የከተማውን ኔትወርክ የይለፍ ቃል ለአለቆቹ አልሰጥም ብሎ ታሰረ። በመጨረሻ የሰጠው ለከንቲባው ለጋቪን ኒውሰም ነው። ኔትወርኩ በነዚያ ቀናት ሥራውን አላቆመም፤ ሰውየው ግን በ2010 ጥፋተኛ ተብሎ አራት ዓመት ተፈረደበት። ክርክሩ አለቆቹ ለቁልፉ አይበቁም የሚል ነበር። ያልበቃ ባለቤት ባለቤት አይደለም ወይ? እኔ እንጃ፣ በዚህ ሒሳብ ስንቶቻችን ቤታችንን እንቀማ ነበር።

ለልጁ የነገርኩት ይህን ነው። ሁለት ዓመት እንቅልፍ ያጣህበት ዕውቀት ያንተ ነው፤ ለሁለተኛው ባለሙያ የማስተማር ግዴታ የለብህም። የይለፍ ቃሉ ግን ዕውቀት አይደለም። ግንበኛ የእጁን ጥበብ ይዞ ይሄዳል፤ የበሩን ቁልፍ ይዞ አይሄድም። «ያልተከፈለኝስ?» አለኝ። በግልጽ የጠየቅኸው ዕዳ መብትህ ነው፤ ዝም ብለህ ቆልፈህ ሰውየው እስኪቸግረው መጠበቅ ግን ወጥመድ ነው አልኩት። ነጋዴውንም አልማርኩትም፤ ገመድ መሰካት ብቻ ከሆነ ራሱ ይሰካው ነበር።

ይህን እያልኩ ድምፄ ቀነሰብኝ። ያስተማርኩበትን ቦታ ስለቅ፣ ለዓመታት ያጠራቀምኩትን የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ማስታወሻ ለተተኪዬ አልሰጠሁም። ወጣቱ መምህር ሁለት ጊዜ ደውሎ ጠየቀኝ፤ «ፈልጌ አገኘዋለሁ» አልኩት። የት እንዳለ አውቅ ነበር። ካርቶኑ እስከ ዛሬ ከቁም ሣጥኔ ላይ ነው። ማስታወሻው በእጄ ካለ አንድ ቀን ይጠሩኛል ብዬ ነበር፤ አልጠሩኝም።

ነጋዴው ቀሪውን ከፈለ፤ ልጁም የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ሰጠው። ስንወጣ «ያያሉ ጋሼ፣ ለሁሉም ነው የሚሰጡት» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንቆርቆሪያ ልገዛ እዚያው ሱቅ ገባሁ። ከካሸሯ ራስ በላይ ባለው የግድግዳ ካላንደር ላይ የይለፍ ቃሉ በወፍራም ማርከር ተጽፏል። ለነጋዴው ልናገር አሰብኩና ተውኩት፤ ካላንደሩም የሱ ነው። ሒሳቤን ከፍዬ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ወጣሁ።